በቤታችን እንዲህ ያለ ሰው የለም

መስከረም 28

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ለመደው ወይስ እንደ ዓምናው ያጉረመርማል? እኔም ባለቤቴም ልጃችንም በጤና አለን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ይህን የምጽፍልሽ አውቶቡሴን የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አቁሜ፣ ወረቀቱን በመሪው ላይ አስደግፌ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ መሪውን እንጂ እኔን አትውቀሺ። ያለፈውን ደብዳቤዬን እንደ ልማድሽ በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ። አሥራ አራት ስሕተት። ባለቤቴ ወረቀቱን አይታ "ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የተፈነከተ ሰው?" አለችኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው እኮ፣ እትዬ።

"ስልክ ለሰላምታ፣ ወረቀት ለቁም ነገር" የሚለው ሕግ ያንቺ ነውና ቁም ነገሩን በወረቀት ልንገርሽ። የልጄ ነገር ነው። ወይዘሪት ጥያቄን ታውቂያታለሽ፤ በቀደም በስልክ "አክስቴ፣ አስተማሪን የሚያስተምረው ማን ነው? እሱንስ?" እያለች ስታደርቅሽ የነበረችው። ስምንት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል፤ ማንበብ ግን አልቻለችም። በዚህ አገር ቋንቋም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማስተምራት በእኛ ፊደልም ያው ነው። ትናንት ያወቀችውን ቃል ዛሬ እንደማታውቀው ሰው ታልፈዋለች። ዓይኗን አስመረመርናት፤ ከእኔ ዓይን ይሻላል ተባለ። ተረት ከነገርኳት ደግሞ ዓመት ቆይታም ቢሆን አንድ ነገር አትስትም። የአውቶቡሴን ሃያ ሦስት ፌርማታዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስትፈልግም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ትጠራቸዋለች።

ትምህርት ቤቱ በባለሙያ አስመረመራትና ዲስሌክሲያ የሚባል የንባብ ችግር ነው አሉን። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከአምስት ልጆች ጋር በልዩ ክፍል፣ በሌላ ዘዴ ትማር፤ ለዚህም አባትም እናትም ይፈርሙ ተባለ። ባለቤቴ ፈረመች። እኔ እስክሪብቶውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። "ልዩ ክፍል" የሚለው ቃል ነው ያስተወኝ። ልጄ በዚያ በር አንዴ ከገባች ስም ይወጣላታል ብዬ ፈራሁ። እስከ የካቲት መጨረሻ ካልፈረምኩ ያንኑ ክፍል ትደግማለች።

አንደኛ ክፍል ስታስተምሪ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆነሽ። አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ።

ወንድምሽ ሹፌሩ


ጥቅምት 14

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ፤ መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ተወው፤ እሱ ጡረታዬን ከእኔ በላይ እየቆጠረ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ዘጠኝ ስሕተት፤ መሻሻል አለ። አርሜ አያይዤዋለሁ።

አትፈርም። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ልጅ በእጄ አልፏል። ማንበብ የማይፈልግ ልጅ አይቻለሁ፤ ማንበብ የማይችል ልጅ ግን አላየሁም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ፈረንጅ ለስንፍና ስም አውጥቶለት አንተን ቢያስደነግጥህ እኔን አያስደነግጠኝም። አንድ ገጽ ምረጥላትና በየቀኑ አሥር አሥር ጊዜ ትገልብጠው። እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ ትበል። የፌርማታውን መዝሙር ለጊዜው ተውት። ጥያቄ ቀንሳ ንባብ ትጨምር።

አናጢው ወንድምህ ደህና ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሏል። እንደየዓመቱ ዘንድሮም ልኬት የሚጽፍበት ደብተር ገዝቼ ሰጠሁት። "ዕድሜ ይስጥልኝ" ብሎ ተቀበለኝ፤ ሥራው ግን ያው የጥንቱ ነው። የሰው በር ሊለካ ቀጭን ጣውላ ይዞ ይሄዳል፤ ቁመቱን በአንድ ጎን፣ ወርዱን በሌላው ጎን በቢላ ጭሮ ይመለሳል። ጣውላው የማን እንደሆነ ለመለየት ጫፉ ላይ ጨርቅ ያስርበታል። የነጋዴው ሰማያዊ፣ የነርሷ ነጭ። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ሲደረደሩ የተጣለ አጥር ይመስላሉ። ሰው በዚህ ዘመን እንዲህ ይሠራል? አሁን ለትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት ቁም ሳጥን አዝዤዋለሁ። እንጨቱን ይዞ እንዳይመጣብኝ ልኬቱን ራሴ በወረቀት ጽፌ፣ ከሥሩም ሁለቴ አስምሬ ሰጥቼዋለሁ።

አንድ ደርዘን ቀይ እስክሪብቶ ላክልኝ። እዚህ የሚሸጠው ቀለም ይተፋል።

እህትህ


ኅዳር 22

ለውድ እትዬ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? እኛ ለነፍሳችን ደህና ነን። እስክሪብቶዎቹን ዛሬ በፖስታ ልኬያለሁ፤ አሥራ ሁለት ናቸው።

ያልሽውን አደረግሁ። አራት ሳምንት፣ በየቀኑ አሥር አሥር ጊዜ። አሥረኛው ግልባጭ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ገጹን ጥርት አድርጋ አነበበችልኝ። ደስ ብሎኝ እናቷን ጠርቼ "እህቴ ምን አለችሽ?" አልኳት። ከዚያ ሳላስታውቃት ገጹን ገለጥኩት። ልጅቷ ጣቷን በአዲሱ ገጽ ላይ እያስኬደች የድሮውን ማንበቧን ቀጠለች። ለካ በቃሏ ይዛዋለች።

ጮኽኩባት፣ እትዬ። "ታታልይኛለሽ?" አልኳት። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፤ ግን ካልነገርኩሽ ማንን ልጠይቅ? ከዚያ ቀን ወዲህ መጠየቅ አቁማለች። ቤታችን ጸጥ ብሏል። እናቷ "ጨው ታቀብዪኛለሽ?" ስትላት ታቀብላለች፤ ትመለሳለች። ያኔ "ዝም በይ እስቲ" እያልኩ የገፋኋቸውን ጥያቄዎች ሁሉ ዛሬ ባገኛቸው በወደድኩ።

ሌላም ነገር አለ። ባለሙያዋ የሰጠችን ቅጽ ላይ "በቤተሰባችሁ ውስጥ ማንበብ የተቸገረ ሰው ነበረ ወይ?" ይላል። ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ ነገር ነው አለችኝ። በባለቤቴ በኩል የለም። በእኛ በኩል ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ነውና አንቺን ልጠይቅ። አናጢው ወንድማችን ለምን ነበር ከትምህርት ቤት የወጣው? እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሳድግ የሰማሁት "ደነዝ ነበር፣ አባባ አውጥቶ ሙያ አስያዘው" የሚል ብቻ ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 8

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ። እስክሪብቶዎቹ ደርሰዋል።

በቤታችን እንዲህ ያለ ሰው የለም። አናጢው ሰነፍ ነበር፤ አንደኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ደገመ፤ አባባ ሙያ አስያዘው፤ ራሱን ቻለ። ቅጹ ላይ "የለም" ብለህ ሙላው። አሥሩን ግልባጭ አሥራ አምስት አድርገው። ይህን ነገር ዳግመኛ አታንሳብኝ።

ሥራ ስለበዛብኝ ደብዳቤህን አላረምኩትም።

እህትህ


ታኅሣሥ 29

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ።

ደብዳቤዬን ሳታርሚ የቀረሽው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ባለቤቴ "እህትህ አሟታል እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ሕመም እንዳልሆነ ገባኝ። ቅጹ ላይ "የለም" አላልኩም፤ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ግልባጩን አስቁሜያለሁ። አትፈርም ብትዪኝም በቀደም የእረፍት ቀኔን ወስጄ ያ "ልዩ ክፍል" የሚባለው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ተራ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ኳስ ሜዳው ያያል። አንዱ ልጅ ንባቡ ሰላም ነው፤ የሚቸግረው ቁጥር ነው፤ ከሰባትና ከስምንት የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ዛሬም ጣቱን ይቆጥራል። አንዷ ሲያወሯት ጠበቃ ትመስላለች፤ እርሳስ ስትይዝ እጇ አይታዘዝላትም። ባለሙያዋ በአንዳቸውም ላይ አልጮኸችም። ድምፁን ለብቻው ታሰማቸዋለች፤ ፊደሉን አሸዋ በተነጠፈበት ትሪ ላይ በጣታቸው ታስጽፋቸዋለች፤ ደጋግማ፣ ቀስ ብላ፣ አንዱ ሳይያዝ ወደ ሌላው ሳትሄድ። "እነዚህ ልጆች ከሌላው ሦስት እጥፍ ይለፋሉ፤ ሰነፍ የሚባሉት ግን እነሱ ናቸው" አለችኝ። አንቺ ትዝ ስላልሽኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ቅዳሜ ልጄን አውቶቡስ ላይ ይዣት ወጣሁ። ፌርማታዎቹን እንድትጠራልኝ ብዬ ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ ስንደርስ ከኋላዬ ሆና "አባዬ፣ እኔ ሞኝ ነኝ አይደል?" አለችኝ። ከወር በኋላ የመጣችው ጥያቄ ይቺ ናት። ሰው እየወረደ እየወጣ ስለነበር ዞሬ ላቅፋት አልቻልኩም። "አይደለሽም" አልኳት፤ እሷ ግን መልሱን አልጠበቀችም።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፣ እትዬ። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ባለቤቴ "ልጄን የምታሳድጋት ማዶ ያለችው እህትህ ናት ወይስ አንተ?" ብላኛለች። አንቺ ፊደል ያስቆጠርሽኝ ነሽ፤ ቃልሽን አልፌ መፈረም እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አናጢውን ጠይቂው። ሊያነብ ሲሞክር ፊደሉ ምን ይሆንበት እንደነበር ጠይቂና የሚልሽን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 27

ለእትዬ፣

ሰላም ነሽ ወይ?

ወር ሙሉ መልስ አጣሁ። ሕግሽን ጥሼ ብደውል "እየጻፍኩ ነው" ብለሽ ዘጋሽብኝ። የካቲት መጨረሻ አንድ ወር ቀረው። ተናድደሽ እንደሆነ ተቆጪኝ፤ ዝም ግን አትበዪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይብዛልህ። ለባለቤትህ የማደርሰው ሰላምታ ከይቅርታ ጋር ነው፤ ስታነብ ይገባሃል። ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ፤ አምስተኛው ነው።

ነገሩ የመጣው በቁም ሳጥኑ ነው። ጥር አጋማሽ ላይ አናጢው በጋሪ አስጭኖ አመጣው። በመስኮቱና በግድግዳው መካከል አስገባው፤ ወረቀት እንኳ አያሳልፍም። ርዕሰ መምህሩ "ልኬት ማለት ይሄ ነው" አለ። እኔም የማላፍር፣ "ልኬቱን በጽሑፍ የሰጠሁት እኔ ነኝ" ብዬ ለማሳየት የወረቀቱን ቅጂ ከመሳቢያዬ አወጣሁ። ወርድ ሁለት ሜትር ከአሥር፤ ቁመት አንድ ሜትር ከሃያ። ቁመቱንና ወርዱን አለዋውጬ ነው የጻፍኩት። ሁለቴ አስምሬበታለሁ። በወረቀቱ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ መስኮቱን ግማሽ ይዘጋው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሳያይ አጠፍኩት።

ዘበኛውን ጠየቅሁት። አናጢው እሑድ ማለዳ መጥቶ ክፍሉን አስከፍቶ ነበር አለኝ። ቀጭን ጣውላ ይዞ።

ከሥራ ስወጣ ወርክሾፑ ሄድኩ። በር እየላገ ነበር።

"ወረቀቱ ላይ ተሳስቼ ሳለ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"የቱ ጋ?" አለኝ።

"ወርድና ቁመቱን ገልብጬዋለሁ።"

መላጊያውን አስቀመጠና ሳቀ። "አንቺም ትሳሳቻለሽ እንዴ?"

"አላነበብከውም ማለት ነው።"

"እትዬ፣ ያንቺን ወረቀት መቼ አንብቤ አውቃለሁ?"

ይህን ያለኝ ሳይቆጣ ነው። ብቆጣው ይሻለኝ ነበር፤ የምቆጣበት ነገር ግን አጣሁ። ዞር ስል ከመጋዞቹ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ደብተሮቼን አየኋቸው። ሃያ ሁለት ናቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ ዘንድሮው በተራቸው፣ አቧራ እንዳይነካቸው በላስቲክ ተጠቅልለው። አንዱም አልተጻፈበትም። "ካልተጠቀምክባቸው ለምን ለሰው አልሰጠሃቸውም?" ስለው "አንቺ የሰጠሽኝን?" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴንም አላሰብኩትም። ያንተን ጥያቄ ጠየቅሁት። የሚያወራ ሰው አለመሆኑን ታውቃለህ። እንዲህ አለኝ፦ "አንድ ፊደል ብቻውን ሲሆን አውቀዋለሁ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው ጉዱ። ሁለተኛው ምን ይል እንደነበር እስካስታውስ የመጀመሪያው ይጠፋብኛል። ሁለተኛውን ስይዝ ሦስተኛው። ሌሎቹ ልጆች እንዴት እንደሚይዙት ይገርመኝ ነበር፤ ተደብቀው የተነጋገሩ ነበር የሚመስለኝ። አንቺ ጠረጴዛውን በማስመሪያ ስትመቺው ደግሞ ሁሉም ይበተናሉ።"

አሁን እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን ልንገርህ። አባባ አይደለም ያወጣው። ያ ዓመት የእኔ የመጀመሪያ ዓመት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው፤ ከክፍሉ መጨረሻ የሚወጣው ደግሞ የገዛ ወንድሜ ነው። አፈርኩበት። ለአባባ "ይህ ልጅ ወንበር ነው የሚይዘው፤ አውጣው" አልኩት። አባባ "አንድ ዓመት ልጨምርለት" ብሎ ለመነኝ። ልብ በል፤ አባቴ ለመነኝ። እምቢ አልኩ። ይህንን ለአናጢው ልነግረው አፌን ስከፍት "አውቃለሁ፤ ከበሩ ኋላ ነበርኩ" አለኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያውቅ ነበር፤ በየዓመቱም ደብተሬን እያመሰገነ ይቀበል ነበር።

እኛ ቤት "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ሲባል ነው ያደግነው። እኔም ለዚህ ታዝዤ ኖርኩ። አንድ ልጅ በእኔ ቃል ጠፍቷል። ሌላ አይጠፋም።

ፈርም። ዛሬውኑ ፈርም። ቅጹ ላይ ያለውን ባዶ ቦታም ሙላው፦ አለ፤ የአባቷ ታላቅ ወንድም። አስፈቅጄዋለሁ። "ከጻፉ አይቀር በትልቁ ይጻፉት" ብሏል።

ተሳስቼ ነበር። ይህን ቃል በእጄ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ስለሆነ በትክክል መጻፌን ሁለት ጊዜ አየሁት።

እህትህ


የካቲት 21

ለውድ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እጅሽን ስሜ ነው የምጀምረው።

ፈርሜያለሁ። ከሥራ በቀጥታ፣ ከነሹፌር ልብሴ ሄጄ ፈረምኩ። ደብዳቤሽን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና "ይቺን ሴትዮ እወዳታለሁ ብዬ አላስብም ነበር" አለች። እንደ ይቅርታ ቁጠሪው።

ልጄ ሰኞ ትጀምራለች። ሌሎቹ ያውቁብኛል ብላ ፈርታለች። አናጢው አጎቷ እንደሷ መሆኑን ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። ባለሙያዋ የምትሠራበትን ዘዴ ወደ እኛ ቋንቋ እየመለስኩ በወረቀት ልኬልሻለሁ። ስሕተቱ ብዙ ነው፤ ትርጉም ሞያዬ አይደለም።

ወንድምሽ


ግንቦት 3

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ለልጅህም ለእናቷም።

ወረቀቶችህ ደርሰው አገልግለዋል። ስሕተቱን ቆጥሬው ነበር፤ ቁጥሩን ግን ለራሴ ይዤዋለሁ። ክፍሌ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሦስት ልጆች አሉ። ዘንድሮ ሦስቱንም ልጥላቸው ዝርዝሩን ጽፌ ነበር። አሁን እነሱ ጋ ሄጄ ነው የምቀመጠው። አሸዋ ከግንባታ ቦታ አስመጣሁ። አንዲቱ መያዝ ጀምራለች። አንዱ ግን ገና ነው፤ ምን እንደሚበጀው አላወቅሁም፤ ለባለሙያዋ የምትጠይቅልኝን ጥያቄ በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። ጡረታ ሊያወጡኝ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ማስተማር ልማር ሆነ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወርክሾፕ ነኝ። አናጢው መጀመሪያ "በሃምሳ ዓመቴ ደጃፍ ላይ ተዪኝ" ብሎ ነበር። ያንተን ልጅ ነገር ስነግረው ግን "እሷ ምን ያህል ደረሰች?" ማለት ጀመረ፤ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። አሸዋ አልወደደም። ፊደሉን ከቁራጭ ጣውላ እየቆረጠ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል። አንዱን ፊደል ሲይዝ "አሁን ሰነፍ ነህ አትይኝም?" ይለኛል። "አልልህም" ስለው "በይኝ፤ ለምጄዋለሁ" ብሎ ይስቃል። እኔ አልስቅም። አንድ ቀን አለቀስኩ፤ እሱ መጋዙን መሳል ጀመረ። እንደዚያ ነው የሚያባብለው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር፣ ወዳንተ ለሚመጣ ሰው ያስያዝኩት አንድ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ይደርስሃል። ውስጡ የእንጨት ፊደሎች አሉ፤ ሁሉም አይደሉም፤ ለአንድ መልእክት የሚበቁት ብቻ። ከሥር የታጠፈ ወረቀት አለ። አናጢው በእጁ የጻፈው ነው፤ ለልጅህ። እኔ እጁን አልያዝኩትም፤ አላጻፍኩትም። አንድ ትእዛዝ አለው፦ አባቷ እንዳያነብላት። ስንት ቀንም ይፍጅ፣ ራሷ ታንብበው።

ቀይ እስክሪብቶ በእጄ ይዤ ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ አልሸሽግህም። ክዳኑን ሳልከፍት ወደ መሳቢያው መለስኩት። ከላክህልኝ ሰባቱ ተርፈዋል፤ ሌላ አትላክ። ለስላሳ እርሳስ ካገኘህ ላክልኝ፤ ሦስት ለክፍሌ፣ አንድ ለወርክሾፑ።

እህትህ


ሰኔ 2

ለውድ እትዬ፣

ለአናጢውም፣

ሁለታችሁንም በአንድ ወረቀት ሰላም እላለሁ፤ ቅዳሜ አብራችሁ እንደምታነቡት ገምቼ ነው። እርሳሶቹ ከዚህ ጋር ናቸው።

ሳጥኑ ደረሰ። ትእዛዙን ነገርኳት። ወረቀቱን ወስዳ በሩን ዘጋችብን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ የእንጨት ፊደሎቹን ወለል ላይ ታፈሳለች፤ ወረቀቱን አይታ አንዱን ታነሣለች፤ በጣቷ ዙሪያውን ትዳስሰዋለች፤ ድምፁን ለራሷ ትላለች። እናቷ ልትረዳት ብትሞክር "ውጪልኝ" ተባለች። በሁለተኛው ቀን ተናዳ አንዱን ፊደል ግድግዳ ላይ ወረወረችው። ደህና እንጨት ነው፤ ግድግዳው ነው የተጫረው። በሦስተኛው ቀን አልነካችውም፤ አለቀ ብዬ ነበር።

በአራተኛው ቀን የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ከእናቷ ጋር ጠበቀችኝ። አውቶቡሱ ላይ ወጣችና ከኋላዬ ካለው ወንበር ላይ ቆመች። ወረቀቱን ዘረጋች። እያንዳንዱን ቃል ቀስ ብላ፣ እየቆመች፣ አንዳንዴም ተመልሳ እየጀመረች አነበበችው፦

"እኔም እንዳንቺ ነኝ። በር እሠራለሁ።"

መሪው ላይ ተደፋሁ። መንገደኛ አልነበረም፤ ቢኖርም ግድ አልነበረኝም። በቃሏ አለመያዟን አውቃለሁ፤ ማንም አላነበበላትምና።

ማንበቧ ገና ነው፤ ባለሙያዋም ዓመታት ይፈጃል ብላናለች። ቤታችን ግን ጸጥታው አልቋል። በአንድ ምሳ ላይ ብቻ እነዚህን ጠይቃኛለች፤ እንድጽፍልሽ ታዝዣለሁ። አንደኛ፦ አጎቴ ስንት በር ሠርቷል? ሁለተኛ፦ ጨርቁ ቢጠፋበት ጣውላው የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? ሦስተኛ፦ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስንት ቀን ፈጀበት?

ሦስተኛውን ምን ብዬ ልመልስላት?

ወንድምሽ


ሰኔ 17

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ሰላምታችን ከወርክሾፑ ይድረሳችሁ። ደብዳቤህን ለአናጢው ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። በሦስተኛው ወረቀቱን ተቀብሎኝ የልጅህን ጥያቄዎች ራሱ ፈለጋቸው፤ ምሳ ሰዓት አለፈብን።

ለወይዘሪት ጥያቄ መልሷን ንገራት። በሮቹን ቆጥሮ አያውቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ለእሷ ሲል በመጀመሪያው ደብተር ላይ አንድ አንድ መስመር እያሰመረ ይቆጥራል። ጨርቁ ቢጠፋም ጣውላውን ሲያይ ቤቱ ይታየዋል፤ የማንን ቤት በር ረስቶ አያውቅም።

ሦስተኛውን "አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ በያት" ብሎኛል። እሱ ሰው ማሳፈር አይወድም። አንተ ግን እውነቱን ንገራት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ነው የፈጀበት፤ ያዘገየሁትም እኔ ነኝ።

እህትህ